ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠማው ጎመን

ሰሞኑን አንድ ነገር ገብቶኝ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያቆምኩ እለፈልፋለሁ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ጉዳዩ የክረምት ጓሮ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቤት ሠርቶ ከቤቱ ኋላ ጥቂት ጎመንና ቆስጣ የሚተክል ሰው ሁሉ ይህን አይቷል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቀን ከሌት ይወርዳል፣ ጓሮው ይጨቀያል፣ ጎመኑ ደግሞ ይጠወልጋል። ልብ በሉልኝ፣ ይጠወልጋል ነው ያልኩት! ቅጠሉ ረግቦ ወደ መሬት ያዘነብላል። እግሩ ውሃ ውስጥ ነው፤ አናቱ ግን ተጠምቷል።

«ውሃ በዝቶበት ነው» እንላለን፤ ነገሩም እዚያ ላይ ያልቃል። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ውሃ የበዛበት ነገር እንዴት ውሃ ይጠማዋል?

መልሱ አጭር ነው፤ እኔን ግን ከመቀመጫዬ አስነሥቶኛል። ጎመኑን የጎዳው ውሃው ራሱ አይደለም፤ ውሃው አየሩን ማስወጣቱ ነው። ሥር ይተነፍሳል!

ቀስ ብለን እንሂድበት። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ይህን ትምህርት ቤት ሰምተናል። ከዚያ ስኳር የተወሰነው በግንዱ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ሥር ይደርሳል። የሥር ጉልበት ከዚህ ስኳር ነው የሚገኘው። ስኳሩ በደንብ ወደ ጉልበት የሚለወጠው ደግሞ ኦክስጅን ሲኖር ነው። ኦክስጅን ከጠፋ ጉልበት የለም፤ ጉልበት ሲጠፋ በሥሩ ቆዳ ላይ ያሉት ረቂቅ የውሃ ማስገቢያ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። በቃ! ውሃው ዙሪያውን ቆሟል፣ ሥሩ ግን እንደ ልቡ ማስገባት አይችልም። ቅጠሉ በበኩሉ ይህን አላወቀም፤ ላይ ሆኖ ውሃ ማትነኑን ቀጥሏል። ከላይ ይወጣል፣ ከታች የሚተካው የለም። ስለዚህ ጠወለገ። ይህ ሳይገባው ለጠወለገው ጎመን በዝናብ መሐል አንድ ባልዲ ውሃ የሚጨምርለት ሰው አለ፤ ርኅራኄ ነው፣ ግን የታነቀን ሰው አፉን መዝጋት ነው።

«አፈር ውስጥ ደግሞ ምን አየር አለና?» ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ ንባቡን አቁሙና ብርጭቆ አምጡ፤ የእውነቴን ነው። ብርጭቆውን ውሃ ሙሉት። ከጓሮ የደረቀ ጓል አፈር አንሡና ቀስ ብላችሁ ውሃው ውስጥ ልቀቁት። አያችሁ? አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል! ያ አረፋ አፈሩ ውስጥ የነበረ አየር ነው። ውሃው በአንድ በኩል ሲገባ አየሩ በሌላ በኩል ይሸሻል። የሐምሌ ዝናብ ጓሯችሁ ላይ የሚያደርገውን ነው አሁን ብርጭቆ ውስጥ ያያችሁት።

ለእኔ ነገሩ ጥርት ብሎ የታየኝ አፈርን እንደ እንጀራ ሳስበው ነው። ጥሩ እንጀራ ዓይን አለው፤ ጥሩ አፈርም እንዲሁ። እንዲያውም ከጥሩ የጓሮ አፈር ግማሽ ያህሉ ድፍን ሲሆን ግማሽ ያህሉ ዓይን ነው፤ ማለትም ባዶ ቦታ። ዓይኖቹ ደግሞ እኩል አይደሉም፤ ትልልቅም ደቃቅም አሉ። ዝናብ ሲጥል ሁሉም በውሃ ይሞላሉ። ዝናቡ ሲያባራ ደቃቆቹ ውሃውን ይዘው ይቀራሉ፤ ይህ የተክሉ መጠጥ ነው። ትልልቆቹ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ውሃቸውን ወደ ታች ይለቁታል። ግሩሙ ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ በኋላው አዲስ አየር ስቦ ያስገባል። አፈሩ ትንፋሽ ሳበ ማለት ነው! ተክል የሚበላውም የሚጠጣውም ከእነዚህ ዓይኖች ነው፤ የሚተነፍሰውም ከእነርሱ ነው።

ታዲያ ውሃው ሳይወርድ ከቆመስ? ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። አሥር ሺህ! ስለዚህ ከላይ ያለው አየር በውሃው ውስጥ አልፎ ሥር ጋ እንዲደርስ መጠበቅ ከንቱ ነው። አፈሩ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ሥሩና በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተዋሲያን ተሻምተው በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሷታል።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንምጣ። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ አፈራቸው ግን ለየቅል ነው። እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ስትወርዱ የምታገኙት የሱሉልታ ሜዳ ገበሬው ኮትቻ የሚለው ጥቁር አፈር ነው፤ አማራ ክልል ዋልካ ይሉታል። በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁም ዓይኑም ግጥም ብሎ ይዘጋል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ረግረግ የሚሆነው፣ የአካባቢው ገበሬም በሣርና በወተት የሚታወቀው ያለ ነገር አይደለም። ሰበታ በጅማ መንገድ ነች፤ ወጨጫ ተራራ ሥር ያለው ተዳፋትና ከታች ያለው ሜዳ የተለያየ አፈር ስላላቸው የአንዱ ሰፈር ምክር ለሌላው ላይሠራ ይችላል። በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ ደግሞ አብዛኛዋ ተዳፋት ናት፤ ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር በብዛት ይታያል።

ቀይነቱ ራሱ ምን እንደሚነግረን ታውቃላችሁ? ዝገት ነው! አፈር ውስጥ ያለው ብረት አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ ቀለሙም ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ቀይ አፈር «እኔ ጋ አየር ይገባል» ብሎ ሲናገር የሚኖር ነው። አፈር ለረጅም ጊዜ ውሃ ሲተኛበት ግን ብረቱ ዝገቱን ያጣና ግራጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ መሳይ ይሆናል። በክረምት አንድ አካፋ ቆፍራችሁ ግራጫ ነገር ካያችሁና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካፍንጫችሁ ከደረሰ፣ ምርመራው አልቋል፤ እዚያ ቦታ አየር የለም። ሽታውን የሚያወጡት ያለ አየር መኖር የሚችሉ ተዋሲያን ናቸው።

እንዲህ ያሉ ተዋሲያን ሌላም ጉድ ይሠራሉ። በክረምት የጎመኑ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን አይታችኋል? አፈር ውስጥ ካሉት ምግቦች አንዱ ናይትሬት ነው፤ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተጣምረው የሠሩት። አየር ያጡት ተዋሲያን ከናይትሬቱ ላይ ኦክስጅኑን ነጥቀው ይተነፍሱታል። የቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል! ተክሉ ምግብ ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ቢጫው ከታች የሚጀምረው። እንግዲህ ውሃ የተኛበት መደብ ላይ ዩሪያ የሚበትን ሰው ከገንዘቡ ብዙውን ለሰማይ እየሰጠ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ ከፋፍሎ መስጠት ነው የሚያዋጣው።

እዚህ ጋ ስደርስ፣ አቁሜ ከለፈለፍኩላቸው አንዷ «ቄጠማስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ቄጠማ ዓመቱን ሙሉ ረግረግ ውስጥ ቆሞ አይጠወልግም። ለእንቁጣጣሽ ስትገዙ፣ ከመጎዝጎዛችሁ በፊት አንዱን ግንድ በቢላ አግድም ቁረጡና ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ድፍን አይደለም፤ ስፖንጅ የመሰለ፣ በአየር መተላለፊያ የተሞላ ነው። ቄጠማ ከላይ ያገኘውን አየር በራሱ ግንድ ውስጥ አሳልፎ ለሥሩ ይልካል። ሩዝም ይህንኑ ያደርጋል። ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ግን ይህ መተላለፊያ የላቸውም፤ አየሩን አፈሩ ውስጥ ማግኘት አለባቸው። ከእህል ወገን ውሃ የተኛበትን መሬት በመቻል የታወቀው ጤፍ ነው፤ ገበሬው በጥቁር አፈር ላይ ጤፍን የሚመርጠው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ያን ሁሉ ውሃ ከየት እንዳመጣነው እንቁጠር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሒሳቡ ይኸው ብቻ ነው፤ በዚህ ቀላል ሒሳብ ግን ጓሮዬን እንደ አዲስ ነው ያየሁት። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ አላችሁ እንበል። አንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ጣለ፤ በሐምሌና በነሐሴ ይህ ብርቅ አይደለም። 50 ጊዜ 20፣ 1,000 ሊትር! አምስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ማለት ነው፤ በአንድ ከሰዓት፣ ከአንድ ጣሪያ። አሸንዳው የሚያፈሰው የት ነው? ብዙ ግቢ ውስጥ ጓሮው ላይ ነው። ጎመኑ የራሱን ዝናብ ችሎ ሳለ የቤቱን ዝናብ ጨምረን እንጭንበታለን። እንግዲህ ከሁሉም የሚቀለው ሥራ አሸንዳውን ማዞር ነው፤ ወደ ሮቶ ቢሆን ግሩም፣ ካልሆነም ከመደቡ ራቅ ወዳለ ቦይ።

(ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የሱሉልታ ጓሮ ውሃ በሲቢሉ ወንዝ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ሄዶ ሜዲትራንያን ባሕርን ለማየት ተስፋ አለው። የቡራዩ ውሃ ግን በገፈርሳና በትንሹ አቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። በእንጦጦ ጋራ ወዲህና ወዲያ የሚወርዱ ሁለት ጠብታዎች ዕጣቸው ይህን ያህል ይለያያል! በቃ፣ ተመለስኩ።)

ዋናው መድኃኒት መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። ቁመቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሐሉን በሚነካው ልክ፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ብዙ ያልበለጠ ይሁን። ለምን ይህ ትንሽ ከፍታ ይበቃል? የጎመንና የሰላጣ ሥር አብዛኛው የሚኖረው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ ነው። መደቡን 25 ሳንቲ ሜትር ስታነሡት አፈሩ አልተለወጠም፣ ዝናቡም አልቀነሰም። ያደረጋችሁት ውሃው የሚወርድበት ቦታ መስጠት ብቻ ነው። ውሃው ወደ ቦዩ ይወርዳል፣ ትልልቆቹ ዓይኖች ባዶ ይሆናሉ፣ አየር ይገባል። ብስባሽ ከጨመራችሁበት ደግሞ ዓይኖቹ ይበረክታሉ፤ ጥቁር አፈር ላይ አሸዋ በጥቂቱ ከመነስነስ ይልቅ ብስባሽ ላይ ብትበረቱ ይሻላል።

ይህን ሐሳብ ከውጭ መጽሐፍ ያገኘነው እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ፣ ሴቱም ወንዱም ልጁም ተሰልፎ፣ ጥቁር አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠሩ ነበር። በሄክታር ሙሉ ማሳ ላይ፣ በእጅ! በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ጥቁር አፈር ላይ የተነሡ ተመራማሪዎች፣ አዲስ አበባ የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ኢልካ አንዱ ሆኖ፣ ይህንኑ ሥራ በሬ እንዲሠራው አሰቡ። መፍትሔያቸው ደስ ይላል፤ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። አገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አላት፤ ጉዳዩ የጓሮ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቡራዩ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ስሙ። ተዳፋት ላይ ውሃ አይተኛም፤ ይሮጣል። ቦዩን ቁልቁል ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆፍሩት ዘንድሮ ቦይ፣ ከርሞ ቦረቦር ይሆናል። ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ ሲያወጣ አይታችሁ ከሆነ፣ ተዳፋቱን አግድም ሰያፍ ቆርጦ ነው የሚያወጣው፤ ውሃው እንዲሄድ፣ እንዳይሮጥ። የእናንተም ቦይ እንደዚያው ሰያፍ ይሁን፤ መጨረሻውም የጎረቤት አጥር ሥር አይሁን!

አንድ የማያስወጣ፣ ግን ሁላችንም የምንዘነጋው ነገር አለ፦ እርጥብ መደብ ላይ አለመቆም። ረግጣችሁት ስታልፉ ትልልቆቹ ዓይኖች ይደፈጠጣሉ፤ አየር የሚገባው በእነርሱ ነበር። አረም መንቀል ግድ ከሆነ ጣውላ አንጥፋችሁ ቁሙ። እርጥብ ጥቁር አፈር መቆፈርም ያው ነው፤ ጭብጥ አድርጋችሁት አንጸባራቂ ጭቃ ከሆነ ዶማውን መልሱት። 

ድንች ለብቻው ይነገርለት፤ የእሱ የክረምት ጠላት ከአፈሩ በፊት ቅጠሉ ላይ ነው። ቅጠሉን አጥቁሮ መደቡን በቀናት ውስጥ የሚጨርሰውን በሽታ ታውቁታላችሁ። ከ1845 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አየርላንድን ያስራበውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ላለቀበት ረሃብ ምክንያት የሆነው ይኸው ነው። ሳነብ ያስደነገጠኝ ግን ይህ ነው፦ የበሽታው ዘር ይዋኛል! በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ጅራት ያላቸው ረቂቅ ዋናተኞች ያወጣል፤ እነርሱም ቅጠሉ ላይ በቀረችው ስስ ውሃ ውስጥ ዋኝተው መግቢያ ይፈልጋሉ። ቅጠሉ ቶሎ ከደረቀ መዋኛ የላቸውም። አራርቆ መትከል፣ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ፣ የታመመውን ቅጠል ከግቢ ማስወጣት ለምን እንደሚመከር አሁን ገባችሁ? በግንዱ ዙሪያ አፈር ማስታቀፍም የሚጠቅመው ከቅጠል ታጥቦ የሚወርደው ዘር ድንቹ ጋ እንዳይደርስ ነው። ብዙ የደጋ ገበሬ ድንቹን በበልግ ወይም በመስኖ የሚተክለውም ይህን ዋናተኛ ለመሸሽ ነው። የድንች ዘር የምትገዙ ከሆነ በዚያው በአምቦ መንገድ፣ ከቡራዩ አልፎ ያለው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ከሚባሉት ጠይቁ።

መደብ ማንሣት የማይቻልበት፣ ውሃው ከየትም የሚመጣበት ሜዳ ላይ ከሆናችሁስ? ገበሬው እዚህም ላይ ይቀድመናል፤ አይታገልም። ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም ላይ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ጥቁር አፈር በደቃቅ ዓይኖቹ የያዘውን ውሃ ቶሎ አይለቅም፤ በሐምሌ ያስለቀሰን ጠባይ በጥቅምት ያበላናል። በቀን አቆጣጠር ክረምቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ችግኙን ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት አፍልቶ መጠበቅ ሽንፈት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሱሉልታ ውርጭ የጠራ ሰማይ ጣጣ ስለሆነ ሌላ ቀን እንጫወትበታለን።

ለአሁኑ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ነገ ጓሯችሁ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ማታ ውሃ ሙሉት፣ ጠዋት እዩት። ባዶ ከሆነ አፈራችሁ ይተነፍሳል፤ ችግር ካለ ከአሸንዳው ፈልጉት። ውሃው እንዳለ ካደረ ግን ሰኔ ሳይገባ አካፋ ያዙ፣ መደቡን አንሡ። ሰፈራችሁንና ያያችሁትንም ንገሩኝ፤ የየትኛው ሰፈር አፈር እንዴት እንደሚያድር ለማወቅ ቸኩያለሁ።